ከስያሜ ወደ ቢላ፦ የውሻ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና እንዴት ትምህርት ሆነ?



የውሻን አከርካሪ ከፍቶ የተጫነውን ሕብለ ሰረሰር ማላቀቅ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ደረጃ በደረጃ ተዘርዝሮ ይገኛል። እኔ ግን የዚህ ሙያ ትምህርት የተጀመረው በሬሳ መመርመሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1896 ሄርማን ዴክስለር ሽባ የሆኑ ውሾችን ሲመረምር በአከርካሪያቸው ቦይ ውስጥ ሕብለ ሰረሰርን የሚጫን ነገር አገኘ። ያየው ትክክል ነበር፤ ስያሜው ግን አሳሳተ። ከዲስክ የወጣ መሆኑን ሳይረዳ እዚያው የበቀለ ልም አጥንት አድርጎ ቆጠረው። በሰው ሕክምናም ስሕተቱ ያው ነበር፤ የልም አጥንት ዕጢ ይባሉ ከነበሩት ብዙዎቹ የተቀደደ ዲስክ መሆናቸውን ሚክስተርና ባር ያሳወቁት በ1934 ነው።

በውሻ ላይ ጉዳዩን ያጠሩት ሁለት ስዊድናውያን ናቸው። ሃንሰን በ1952 ባወጣው ጥናት ሁለት ዓይነት ጉዳት ለየ። በመጀመሪያው፣ እንደ ዳክስሁንድ ባሉ እግረ አጭር ዝርያዎች፣ የዲስኩ እምብርት ገና በወጣትነት ይደርቅና ድንገት ፈንድቶ ወደ ቦዩ ይገባል። በሁለተኛው ዲስኩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ኦልሰን ደግሞ በ1951 ዲስኩን በመስኮት መልክ ቀዶ እምብርቱን የማውጣትን ዘዴ አጠና።

ልብ በሉ፤ ይህ ዘዴ ገና ያልወጣውን ይከላከላል እንጂ ቦዩ ውስጥ የገባውን አያነሳም። የገባውን ለማንሳት የአከርካሪውን ቅስት በአንድ ወገን መክፈት፣ ማለትም ሄሚላሚኔክቶሚ፣ ያስፈልጋል። በአሜሪካ፣ አላባማ፣ በኦበርን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማረው ሆርላይን በ1950ዎቹ ይህን ቀዶ ሕክምና ካስፋፉት አንዱ ነው። ነገር ግን የትኛው አከርካሪ፣ በየትኛው ወገን የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ በተሳሳተ ወገን የከፈተ ሐኪም ጫናውን ትቶ አዲስ ቁስል ይጨምራል። ጣቱ በብርቱ ሲቆነጠጥ ሕመም የማይሰማው ውሻ ደግሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ መቦርቦሪያውን ከመጨበጣችሁ በፊት በሬሳ ላይ እያንዳንዱን ዲስክ ቆርጣችሁ እዩ። ዴክስለር ያገኘው ነገር ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ቢላው ነበረ፣ የሚቆረጠው ግን አልታወቀም ነበር።