ሳዮ ላይ የተዋጉት የኮንጎ ልጆች

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1941) አዲስ አበባ ሲገቡ ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። በስተ ምዕራብ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት በሳዮ፣ የጣልያኑ ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ መሽጎ ተቀምጦ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር እጁን ሰጠ። የማረከው የእንግሊዝ ጦር ይመስለን ይሆናል። የማረከው ግን የቤልጅየም ጦር ነው፤ አዛዡ ጄኔራል ኦጉስት ዢሊያርት ሲሆን ወታደሮቹ ደግሞ የኮንጎ ልጆች ነበሩ።

ቤልጅየምን ከወለጋ ጋር ምን አገናኛት?

ጀርመን ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ቤልጅየምን ወረረች። ከ18 ቀን ውጊያ በኋላ ንጉሥ ሊዮፖልድ 3ኛ ከነጦራቸው እጃቸውን ሰጥተው በምርኮ ቀሩ። ሚኒስትሮቹ ግን ሽንፈቱን አልተቀበሉም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኡቤር ፒዬርሎ ለንደን ደርሰው የስደት መንግሥት አቆሙ። ያመለጡ አብራሪዎች ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ተሰለፉ፤ ጥቂት እግረኞችም እንግሊዝ አገር እንደገና መሠልጠን ጀመሩ። ለስደተኛው መንግሥት የቀረለት ትልቁ ሀብት ግን ጀርመን ያልደረሰችበት ቅኝ ግዛቱ ኮንጎ ነበር። ኮንጎ ማዕድን ብቻ ሳይሆን ፎርስ ፑብሊክ የሚባል የራሷ ጦርም ነበራት። መኮንኖቹ ነጮች፣ ወታደሮቹ አፍሪካውያን ነበሩ።

ይህ ጦር በመኪናና በጀልባ ሱዳንን አቋርጦ ወደ አገራችን ገባ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን፣ መጋቢት 14 ቀን ደግሞ ጋምቤላን ያዘ። ከዚያ ወደ ሳዮ ደጋ ሲያቀና ግን መንገድ ላይ ቆመ። ያቆመው ጥይት ብቻ አልነበረም። ስንቅ የሚያመጡት ጀልባዎች በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ነው። በጋውን ወታደሩ ተራበ፤ በምግብ እጥረት የሚመጣ በሽታም ገባበት። ዕቃ ተሸክመው ከጦሩ ጋር ከመጡት ኮንጎዎችም ብዙዎች እዚያው ቀሩ። በሌላ በኩል አርበኞቻችን ጣልያንን እረፍት ነሥተውት ነበር፤ እሱም ስንቅ አጠረው። ዝናቡ ሲጥል ወንዙ ሞላ፤ ተጨማሪ ጦርና ስንቅ መጣ። ዢሊያርት ሰኔ 26 ቀን ማጥቃት ጀመሩ። ጋዜራም ያን ቀን ተደራዳሪ ላከ።

ቤልጅየማውያን አገራቸው እስክትፈታ ተዋጉ። በዣን ባቲስት ፒሮን የሚመራው ብርጌዳቸው ነሐሴ 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ብራስልስ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በዚያው ዘመን የኮንጎ ሐኪም ቤት ቡድን በርማ ድረስ ዘምቶ ቁስለኞችን ያክም ነበር።

የሳዮ ተዋጊዎች ግን የተመለሱት ወደዚያው ቅኝ ግዛት ነው። ኮንጎ ነፃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከፎርስ ፑብሊክ ወታደሮች አንድም ኮንጎያዊ መኮንን አልተሾመም። የተወረረች አገር ነፃነቷን ስትሻ፣ ራሷ የያዘቻቸውን ሰዎች አዘመተች። እነሱም የሁለት አገር ነፃነት አግዘው፣ የራሳቸውን ሳያገኙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ታሪክ አሳምረን አንንገረው። አብዛኞቹ የመጡት ታዘው ነው እንጂ ለኢትዮጵያ ፍቅር አይደለም። ቢሆንም ምዕራቡ አገራችን ሲለቀቅ ደማቸውና ላባቸው አለበት፤ ውለታ ደግሞ ባለቤቱ ታዞም ቢያደርገው ውለታ ነው።

አሁን ወደ ላይ ተመልሳችሁ በዚህ ጽሑፍ የተጠሩትን ስሞች ቁጠሩ። ሁሉም የንጉሥ፣ የሚኒስትርና የአዛዥ ስሞች ናቸው፤ አንድም የኮንጎ ሰው የለም። መጻሕፍቱ ያቆዩልን እነዚያን ነው። የሽማግሌ ትውስታ ግን ከመጽሐፍ ሌላ ነገር ይይዛል። በደምቢ ዶሎ፣ በጋምቤላና በአሶሳ ያላችሁ የወጣት ኅብረቶች፣ አያቶቻችሁ ስለነዚያ ወታደሮች ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቃችሁ ጻፉ። ምናልባት አንድ ስም ይገኝ ይሆናል።