የደረስጌ ቀለም በየት በኩል መጣ?

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ ሳንቃበርን አልፎ አምባራስ ይደርሳል። እንግዳ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ ገደሉንና ጭላዳውን ያነሳል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ያደረግሁት እሱኑ ነው። መንገዱ ግን እዚያ አያበቃም። ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን በር ተሻግሮ፣ ቁልቁል መካነ ብርሃን ይገባል። ደረስጌ ማርያም ያለችው እዚያ ነው።

ደረስጌን በታሪክ መጽሐፍ የምናውቃት በአንድ ሳምንት ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሣ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩትን ደጃዝማች ውቤን እዚያው ድል አደረጉ። በቀናት ውስጥ፣ ውቤ ለገዛ ንግሣቸው ባሰናዷት ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬው ጽሑፍ ስለ ዘውዱ አይደለም፤ እንደ ደረስጌ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ስላለው ቀለም ነው።

ነገሩን ያነሳሁት በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ክርክር ስለሰለቸኝ ነው። «የድሮ ሠዓሊ ቀለሙን ከቅጠልና ከአፈር ራሱ ይሠራ ነበር፣ የዛሬው ከሱቅ ይገዛል፣ ስለዚህ የዛሬው ሥዕል ውሸት ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ራሳቸው ሥዕሎቹ አይመሰክሩለትም።

ጥቁሩ የአገር ቤት ነው፤ ከጥላሸትና ከከሰል ይሠራል። ነጩም፣ ደብዛዛው ቀይ አፈርም እንዲሁ። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ላይ የምናየው ደማቅ ቀይ ግን ሲናባር የሚባል የሜርኩሪ ማዕድን ነው። ወርቅ የሚመስለው ቢጫ ደግሞ ኦርፒመንት ነው፤ አርሴኒክ ያለበት መርዝ። (ብሩሹን በምላሱ የሚያሾል ሠዓሊ ዕድሜው እንዴት እንደነበር እግዜር ይወቅ።) ሰማያዊው ከተክል የሚወጣው ኢንዲጎ ነው። አረንጓዴውን ኢንዲጎና ኦርፒመንት ቀላቅለው ያገኙት ነበር። ለዚህ ነው አንዳንድ አሮጌ ሥዕል ላይ ቢጫው በብርሃን ሲደበዝዝ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው።

ሲናባርና ኦርፒመንት የባሕር ማዶ ሸቀጥ ነበሩ። የጎንደር ነጋዴ ደግሞ ከምጽዋ የሚመጣበት ዋና መንገድ የታወቀ ነው፤ በዓድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን የወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ደባርቅና ዳባት የቀለሙ ማለፊያ ነበሩ። ጎንደር ላይ መልአክ የለበሰው ቀይ በእኛ ደጅ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ አልፏል። ከሱቅ የሚገዛ ቀለም ሥዕልን ውሸት የሚያደርግ ከሆነ ጎንደር ራሷ ውሸት ልትሆን ነው።

በውቤ ዘመን ደግሞ ፋብሪካው ራሱ መጣ። ፈረንሳዊው ጊሜ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ከሠራ በኋላ ያ ርካሽና ደማቅ ሰማያዊ ዓለምን አዳረሰ፤ የእኛም ሠዓሊዎች አልጠሉትም። ውቤም ቢሆኑ ለባዕድ እጅ በር የዘጉ ሰው አልነበሩም። በቤታቸው ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበራቸው። በደረስጌ ሕንጻ ሥራም የዕፅዋት ተመራማሪው የቪልሄልም ሺምፐር እጅ አለበት። በ1840ዎቹ፣ በዚያ ብርድ አገር፣ የአውሮፓ እርሳስና የአገር ቤት ብርዕ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የእኛ የሆነው ምንድን ነው? በእኔ ግምት ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ ነው። ሠዓሊው የጭቃውን ግድግዳ እንዳለ አይቀባውም። የጥጥ ሸማ ይለብጥበታል፤ ሸማውን ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫና በነጭ ልባጥ ያጠግበዋል፤ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ቀለሙን በድንጋይ ፈጭቶ በሙጫ ወይም በእንቁላል ይበጠብጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው መስመር የሚያወጣው። ሸማው ከግድግዳው ጋር ይተነፍሳል፤ ጭቃው በክረምት ሲረጥብ፣ በበጋ ሲሰነጠቅ ሥዕሉ ወዲያው አይሄድም። ይህን ዕውቀት ማንም በበቅሎ ጭኖ አላመጣውም።

ሸማው ግን አንድ ጣጣ አለው። ከግድግዳ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የዳካር ጅቡቲ ቡድን ጎንደር ሲደርስ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አርጅተው አገኛቸው። ያቀረበው ሐሳብ «አሮጌውን ስጡን፣ አዲስ ሠርተን እንተካላችሁ» የሚል ነበር። ጋስቶን ልዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ ቅጂ ሠራ፤ ዋናው ተላቆ ፓሪስ ገባ። ዛሬ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለዚያ ጉዞ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ ዕቃዎቹ በምን ዓይነት መንገድ እንደተወሰዱ ራሱ መጠየቅ ጀምሯል። እሰየው ነው። ያም ሆኖ የጎንደር ወጣት ሠዓሊ የአባቶቹን ልባጥ ቀርቦ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል።

እኔን ከግሪዮል በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጎንደር ካህናት የሰሙት ቃል ነው፤ «አርጅቷል፣ በአዲስ እንተካው»። ዛሬ ይህን የሚለው ፈረንሳዊ አይደለም። እኛው ነን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሥዕሉ ይቆሽሻል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ይለሰናል፣ በላዩ አብረቅራቂ የዘይት ቀለም ይቀባል። ምርቃቱ ላይ ሁሉም ያጨበጭባል። ሲሚንቶው ከውስጥ ያፈነው እርጥበት ግን መውጫ ይፈልጋል፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ከሆዱ ጀምሮ ይላጣል።

የአገራችን ዘመናዊ ሠዓሊዎች ይህን ዝግጅት አልናቁትም። እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስና በዋሽንግተን ኖሮም ወደ ብራና ተመልሷል። ዘሪሁን የትምጌታ ሸራ ትቶ በቀርከሃና በፍየል ቆዳ ላይ ሠርቷል። ገጠር ውስጥ ግን ዕውቀቱ ያለው በጣት በሚቆጠሩ አዛውንቶች እጅ ነው።

ከእነሱ አንዱን መሪጌታ ዳባት ላይ አግኝቻቸው ነበር። የዘይት ቀለምን ይጠሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ቀለም ምን አደረገኝ? ችግሩ ከሥሩ ነው» አሉኝ። ከዓመታት በፊት እሳቸውም በሲሚንቶ ላይ ቀብተው ሥራቸው ሲላጥ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ሸማ ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ አጥቢያ ኮሚቴ ጠርቷቸው ነበር። ሸማ መለበጡና ልባጡን ማድረቁ ብቻ ስንት ቀን እንደሚወስድ ጠየቃቸው። አንድ ወር አሉ። ምርቃቱ ለበዓሉ መድረስ ስላለበት ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።