ሕግና የሕዝብ አንደበት
(በራዲዮ የተነገረ)



ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሰው፣ ጥቂት እንደ ሄደ በገበያና በማሳ ኦሮምኛ ሲነገር ይሰማል። መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አገሮች ተነሥቶ ወደ ፍርድ ቤት ለሚመጣ ገበሬ ብዙ ዘመን እጅግ ረዥም ነበር፤ አማርኛ የማያውቅ ከሆነ የተከሰሰበትንም የተፈረደለትንም የሚሰማው በአስተርጓሚ አፍ ነበርና። ስለ ሕግ መሻሻልና ስለ ሕዝብ ነፃነት ስንነጋገር ከዚህ ገበሬ እንድንነሣ እወዳለሁ።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ኖርማኖች በ1066 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት የፍርድ መዝገብ በላቲን፣ የሕግ መጽሐፍም በፈረንሳይኛ ይጻፍ ነበር። ሕዝቡ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ያውቅ ነበር። ከዚያም ጆን ሊልበርን የሚባል ሰው ተነሣ። ያልተፈቀደ መጽሐፍ ወደ አገር አስገብተሃል ተብሎ በ1638 በአደባባይ የተገረፈና የታሰረ ሰው ነው። እርሱና ጓደኞቹ፣ ተቃዋሚዎቻቸው «አስተካካዮች» ብለው የሰየሟቸው፣ በጽሑፋቸው ያቀረቡት ክርክር ቀላል ነበር፤ ሰው ሊያነበው በማይችለው ሕግ ሊቀጣ አይገባውም፤ ሕጉን የሚያውቁት ጠበቆች ብቻ ከሆኑ ሕዝቡ የእነርሱ ገባር ይሆናል የሚል ነው። ፓርላማው በ1650 የሕግ መጻሕፍትና መዛግብት ወደ እንግሊዝኛ እንዲመለሱ ደነገገ። ንጉሡ በ1660 ወደ ዙፋኑ ሲመለስ ግን ይህ ሁሉ ተሻረ፤ ዳግመኛ የጸናውም በ1733 ነው። አንድ ቅን አሳብ ተደላድሎ እስኪቀመጥ ከ80 ዓመት በላይ እንደ ፈጀ ልብ በሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ የሚያውቁትም ሊቃውንቱ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ያለ ሕግ አልኖረም። ባላገሩ በዛፍ ጥላ ሥር «ተጠየቅ» እያለ፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ በገዛ አንደበቱ ይሟገት ነበር። በቱለማ ኦሮሞም ዘንድ በገዳ ሥርዓት ጉባኤ የተደነገገው ሕግ በቃል ለሕዝብ ይታወጅ ነበር። የመንግሥትም አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ይነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጻፈ ሕግ ዘመን መጣ። ከዚህ ቀደም ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለ መጽሐፍ የጻፈው ሊቅ፣ መንግሥት በሥርዓት እንዲመራ መክሮ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ታወጀ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጡ። የመጀመሪያውን የስዊስ ሰው ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁ፤ ከዚያም ወደ አማርኛ ተመለሱ።

የዚህን ሥራ ጥቅም ማንም አይክድም። ሕጉ በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ዳኛው በስሜቱ ብቻ እንዳይፈርድ ልጓም ሆነው። ሆኖም የሱሉልታው ገበሬ ሕጉን የሚሰማው ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛም ወደ ኦሮምኛ ተመልሶ ነበር። ነጋሪት በገበያ ሲጎሰም ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ የነጋሪትን ስም የወረሰው ጋዜጣ ግን ማንበብ ለሚችል ብቻ ይናገራል። መሬቱ የተያዘበት ሰው፣ አስተርጓሚው አንዲት ቃል ቢያሳስት፣ የይግባኝ ቀን ሳያውቀው ሊያልፍበት ይችል ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን እንዲመርጡ ፈቀደ፤ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶችም ችሎት በኦሮምኛ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በዚሁ ሥርዓት ይተዳደራሉ። የገበሬው መንገድ አጠረ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ በእነዚሁ ከተሞች የሚኖር ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው በተራው አስተርጓሚ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ እንደ ሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። ይህ ለአንዱ ወገን የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን የሁሉም መብት ነው።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይሉ ነበር። ሰው በዚህ ቃል የሚቆመው ቃሉ ስለሚገባው ነው፤ ያልገባው ሰው ቢቆምም ፈርቶ እንጂ አክብሮ አይደለም።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዛችሁ አንባብያን ሆይ፤ እኔንም ጨምሮ የሁላችን ድርሻ በዚህ ላይ ነው። «በተጠቀሰው መሠረት እንዲፈጸም» ብለን ደብዳቤ ስንፈርም፣ ባለጉዳዩ ምን እንደ ተወሰነበት፣ እስከ መቼና ወዴት ይግባኝ እንደሚል ተረድቶ መሄዱን እንጠይቅ። ካልተረዳ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነገረው እናድርግ። የሕዝብ ነፃነት በሕገ መንግሥት ይጻፋል፤ የሚፈተነው ግን በእኛ መስኮት ፊት ነው።