60 በመቶ፦ የጦር ጉዳተኛውና ዓይነ ስውሩ በግብር ሕግ ፊት

እ.ኤ.አ. በ1916 ፈረንሳይ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጅቡቲም ወታደር መለመለች። ሶማሌ፣ አፋርና የመናዊ ተደባልቆ የገባበት የሶማሌ ሻለቃ በዚያው ዓመት በማዳጋስካር ተቋቋመ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ከሻለቃው የተውጣጡ ሻምበሎች ቨርደን አጠገብ የሚገኘውን የዱኦሞን ምሽግ ከጀርመኖች ባስለቀቀው ውጊያ ተሰለፉ።

ፈረንሳይ ለአካለ ጎደሎ ወታደሮቿ ሁለት ነገር አደረገች። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣው ሕግ የጉዳት ጡረታን መብት አደረገው፤ ለቅኝ ግዛት ወታደሮች ግን ተመኑ የተለየና ያነሰ ነበር። ሁለተኛው የቆየ ልማድ ነው። ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል በመሆኑ፣ በፈረንሳይ አገር የመሸጫ ፈቃዱ ቅድሚያ ለጦር ጉዳተኞችና በጦርነት ለሞቱ ወታደሮች ሚስቶች ይሰጥ ነበር። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛትም የጦር ጉዳተኞችና ዓይነ ስውራን በሚነግዱበት ጊዜ ከንግድ ፈቃድ ክፍያ ነጻ የሚሆኑበት ራሱን የቻለ ምዕራፍ በሕጉ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ሱቅ ለመክፈት ለዓይነ ስውራን ቅድሚያ ሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ መብቱን የሚሰጡት ለሰውየው ነው። ብቻውን ቢነግድም መብቱ አብሮት ይሄዳል።

የእኛ አገር የኢትዮጵያ መዝገብ ሌላ መንገድ ያሳያል። ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበራቸውን በ1952 ዓ.ም. አቋቋሙ። የመንግሥት ሠራተኛና ወታደር ጡረታ በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ተደነገገ። በ1963 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ተመሠረተ፤ በሥሩም አካል ጉዳተኞች የሚሠሩበት የጃንጥላ ፋብሪካ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመንግሥት እርዳታ ሐሳብ በወርክሾፕ ዙሪያ ያጠነጠነ ይመስለኛል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እዚህ ላይ እንኳ ጉዳተኛው ስሙ በኮሚሽኑ ስያሜ ውስጥ ተጽፎለታል። ያ ስም ወደ ግብር ሕጉ አልተሻገረም።

የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 በ8ኛው አንቀጹ፣ ከሠራተኞቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት አካል ጉዳተኞች የሆኑበት ወርክሾፕ የሚያቀርበውን ዕቃና አገልግሎት ከታክሱ ነጻ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሥራ እንዲያገኝ ይደግፋል። ነገር ግን አንድ እግሩን በጦር ሜዳ ያጣ ሱቅ በደረቴ ወይም በየመንገዱ ሎተሪ የሚያዞር ዓይነ ስውር፣ ሠራተኛ የለውምና 60 በመቶ የሚባል መለኪያ አይመለከተውም። ለዚህ ታክስ መመዝገብ ግዴታ የሚሆነው ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር ለሚበልጥ ነጋዴ ስለነበር፣ ቀድሞውንም ቢሆን ታክሱ የእሱ ሸክም አልነበረም።

ነጻ የተባለው ወርክሾፕም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። በዚህ ታክስ አሠራር ነጻ መሆን ማለት ከሽያጭ ላይ አለመሰብሰብ ነው፤ በግዢ ላይ የተከፈለውን ማስመለስ ግን አይቻልም። ጃንጥላ ሠሪው ታክስ የሚከፈልበትን ጨርቅና ሽቦ ሲገዛ 15 በመቶ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ በዋጋው ውስጥ ይቀራል። ታክሱ ተፈጻሚ ነው፣ ግን በዜሮ መጣኔ ይታሰባል ቢባል ኖሮ፣ ላኪው እንደሚያገኘው ሁሉ የግዢ ታክሱ ይመለስለት ነበር። ሕግ አውጪው ዜሮ መጣኔን ያውቀዋል፤ በዚያው አዋጅ ለወጪ ንግድ ሰጥቶታል።