ሕዋስ፦ አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ተማሪ «የስሜት ሕዋሳት» ሲባል ዓይንና ጆሮን ያስባል። ልክ ነው፤ በቤተ ክህነቱ ትምህርት አምስቱ ሕዋሳት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ግን ያው ቃል በዓይን የማይታየውን የሕይወት መሠረታዊ ክፍል፣ ሴልን፣ ይሰይማል። አንድ ዓይን ራሱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉት። ግራ መጋባቱ እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. ቡሽን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ባዶ ክፍሎች ታዩት፤ የመነኮሳትን ጠባብ ክፍል በሚጠራው «ሴል» በተባለው ቃልም ሰየማቸው። እኛ በዓት እንደምንለው ማለት ነው። ያየው ግን የሞተውን ግድግዳ ብቻ ነበር።

ሕያው ሕዋስ ለማየት ከአንበሳሜ ገበያ የተገዛ አንድ ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ከውስጥ ቅርፊቱ የተላጠው ስስ ሽፋን አዮዲን ጠብ ሲልበት፣ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳትና በየአንዳንዱ ውስጥ ክቡ ኒውክሊየስ ይታያሉ። የዘር መመሪያው ያለው እዚያ ነው። ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያና ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ለዚህ መሣሪያ እጅግ ደቃቅ ናቸው። በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው ክሎሮፕላስት በሽንኩርቱ ራስ ውስጥ የለም፤ በቅጠሉ ላይ ይፈለግ።

ጀርመናውያኑ ሳይንቲስቶች ሽላይደንና ሽቫን በ1838 እና 1839 እ.ኤ.አ. ዕፅዋትም እንስሳትም ከሕዋስ መሠራታቸውን አስረዱ። የሊጡ እርሾም ባለ አንድ ሕዋስ ሕያዋን ስብስብ ነው።

ቃሉ ይቆይልን፤ ነገር ግን መምህራን ሆይ፣ ሁለቱን ትርጉሞች በመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ ንገሩልን።