ከንግሥት ባዲት እስከ ኪራይ ቤቱ ድስት

የይፋት ታሪክ በጽሑፍ ሲጀምር በሩ ላይ የምትቀበለን ሴት ናት። ስለ ምሥራቅ ሸዋ ጥንታዊ ሱልጣኔት የሚተርክ አጭር የዓረብኛ ዜና መዋዕል፣ የማያ ልጅ ንግሥት ባዲት በ1063 እ.ኤ.አ. መሞቷን መዝግቧል። በ1285 እ.ኤ.አ. ያን ሱልጣኔት የጠቀለሉት የይፋቱ ወላስማዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ መቶ ዓመታት ስሙ የሚነሣው ወንዱ ነው። የነገሥታቱን ዝርዝር ለባለሙያዎቹ ትተን ወደ ኑሮው እንውረድ።

የይፋት ቆላ ከአፋር ጋር የሚዋሰን የዳር አገር ነው። ወንድነት የሚለካው ከብት በመጠበቅ፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤና ጠመንጃ በመያዝ፣ ሴትነት ደግሞ በእንስራና በወፍጮ ነበር። ልጅቱ ነፍስ ሳታውቅ ትዳራለች፣ አንዳንዴም ትጠለፋለች። ይህ ሁሉ ከባድ ነው። ሆኖም ዛሬ በቆላው ከተማ በሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ደብተሩን ይዞ አላፊ አግዳሚዋን የሚለክፈው ጎረምሳ ንቀቱን የወረሰው ከአያቱ ብቻ ነው ብል ራሴን አታልላለሁ። ግማሹ ከትምህርት ዓለም የተቀዳ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ልጃገረዶች የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት እስኪያገኙ ከ20 ዓመታት በላይ ጠብቀዋል። በዚያ መሀል «የተማረ» የሚለው ቃል ወንድ ወንድ ሸተተ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረትም ከምድጃ ዳር ተነሥቶ ክፍል ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ ተማሪው አብዮተኛ የሆነበት ዘመን መጣ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በመጋቢት 1960 ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የተሰናዳውን የፋሽን ትርኢት «የባህል ወረራ» ብሎ ተነሣበት፤ ሴቶቹ ተሰደቡ፣ እንቁላል ተወረወረባቸው፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ኢምፔሪያሊዝም ሩቅ ነው፤ የክፍል ጓደኛ ቀሚስ ግን ቅርብ ነበር። ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ከእነ ዋለልኝ መኮንን ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ተነሥታ ኅዳር 29 ቀን 1965 ተገደለች። ለሞት ሲሆን እኩልነቷን የተጠራጠረ የለም።

ደርግ በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርትን አዘመተ፣ በ1972 ዓ.ም. የሴቶች ማኅበርን በየቀበሌው ዘረጋ። ከእርሱ በኋላ ሕጉ ተራመደ፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ያደረገውን የጋብቻ ዕድሜ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ለይፋት ልጆች ከጣርማ በር ማዶ ከፍተኛ ትምህርት ቀረበላቸው። ሴት ተማሪ በየካምፓሱ ስትበዛ የወንዱ ፌዝም አብሮ በዛ። ለከፋው እንዳለ ሆኖ፣ ጎበዟን ሳይቀር «በአፈርማቲቭ የገባች» የሚል ቅጽል ተጨመረባት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የበቀለው የሎው ሙቭመንት የተባለ የሴቶች መብት ንቅናቄ ይህን በአደባባይ ያነሣ ነበር።

እስካሁን የቆጠርነው አዋጅና ሰልፍ ነው። ቆላው ላይ የድሮውን የወንድና የሴት ድርሻ ያናጋው ግን ችግር ይመስለኛል። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ሸዋ ሮቢት አንዲት ክፍል የተከራዩ ሦስት ወንዶች ልጆችን እናስብ። ከቤት የመጣው ስንቅ እሑድን አልፎ ማክሰኞ ያልቃል። ሙቀቱ ሲበርድ የከሰል ማንደጃው ደጅ ይወጣል፣ ተረኛው ሽንኩርት ይከትፋል፣ ማሾ የደረሰ ሰሞን ማሾ ይቀቀላል። በገበያ ቀን እናት ብቅ ስትል ድስቱ አልጋ ሥር ይገባል፤ እርሷ ግን ሽታው ይነግራታል። «ወይኔ ልጄ፣ ማጀት ገባህ?» ትላለች፣ ግማሽ በሐዘን፣ ግማሽ በሳቅ። በጎኑ ያለችውን ልጃገረድ ተከራይ እንዲህ ብሎ የሚያዝንላት የለም።

ሁለተኛው አናጊ ዓረብ አገር ነው። ኅዳር 2014 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ተማሪውን ከመበተኑ በፊትም የቆላው ሴቶች ልጆች በጅቡቲ በኩል ባሕር ይሻገሩ ነበር። የወንድሟን የቤት ኪራይና ደብተር ጅዳ ያለች እኅት ትከፍላለች፤ ባንክ ተሰልፎ የሚቀበለው እርሱ ነው። 8ኛ ክፍልን ሳትጨርስ የሄደችው እኅት ማታ ማታ ትደውላለች።

«ዛሬስ ምን ሠራህ?»

«ሽሮ።»

«በርበሬው አነሰ አይደል?»

ጓደኞቹ እንዳይሰሙ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል።