ስለ ወሎ የተዘፈነ፣ ወሎን ያላወቀ

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ጄነሲስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድ «ዘ ላምብ ላይስ ዳውን ኦን ብሮድዌይ» የሚል ባለ ሁለት ሸክላ አልበም አወጣ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ታሪክ ነው፤ ራኤል የሚባል የኒውዮርክ ጎረምሳ ታሪክ። ከዘፈኖቹ አንዱ፣ «ዘ ካርፔት ክሮውለርስ»፣ በጉልበታቸው እየዳሁ መውጫ በር የሚሹ ሰዎችን ያሳያል። ለለንደን ወጣት ይህ ምናብ ነበር። እኛ ግን በ1965 እና በ1966 ቤቱን ዘግቶ ወደ ደሴ መንገድ የወጣውን የወሎ ገበሬ ስናስብ፣ እንደ ተረት ልንሰማው አይሆንልንም።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ዞሮ መጣ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ያቀረበው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ኅዳር 16 ቀን ለንደን ላይ ድምፃውያን ተሰብስበው «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የተባለውን ዘፈን ቀዱ። ድራሙን የመታው ማን ነው? ያው የጄነሲሱ ፊል ኮሊንስ።

ገንዘቡ እህል ሆኖ መጥቷል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ግጥሙ ግን አገሩን ዝናብም ወንዝም የሌለው አድርጎ ይሥላል። እንዴ! ከመካነ ሰላም ቁልቁል ዓባይ አለ፤ በሳይንት በኩል በሽሎ ይወርዳል። ገናንማ የቦረና ክርስቲያን ያውቀዋል፤ ሙስሊም ጎረቤቱም ያውቅለታል።

ታዲያ ረሃቡ ከየት መጣ? ወንዙ ከገደል ሥር፣ ማሳው ከአምባ ላይ ነው፤ ገበሬው የሚጠብቀው ሰማዩን ነው። ሰማዩ ሲነፍገው የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። በ1977 መባቻም ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ አከበረ፤ ጦርነቱም አልቆመም። ይህ ሁሉ በዘፈኑ ውስጥ የለም። ድርቅ ብቻ ነው ያለው፤ ተጠያቂ የለም።

ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ይዘዋል። ለሌላው ዜማ ያበደረ ሕዝብ የራሱን መከራ በሰው አገር ዘፈን ብቻ ሊያስታውስ አይገባም። ስለዚህ በዕረፍት ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ወግዲ፣ ወደ ከለላ የምንሄድ ሁሉ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። እናቶቻችን በዚያ ክፉ ቀን ምን ብለው እንዳንጎራጎሩ ቁጭ ብለን እንጠይቅ። ዛሬ ካልጠየቅን ነገ የሚነግረን አይኖርም።